አባቴ ሁለት ጊዜ የተኙባት አልጋ

የደባርቅ ሰው ስለ ኦፕራሲዮን ሲያወራ የሚያነሣው ቢላዋውን ነው። «ቢላዋ ገባበት» ይላል፤ «ከቢላዋ ያውጣህ» ብሎ ይመርቃል። ኦፕራሲዮን ስለሚደረግባት አልጋ ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም። የታመመው ሰው የሚያያት ለአፍታ ነው፤ ጀርባውን እንዳሳረፈ ዐይኑ መብራቱ ላይ ይተከላል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲነቃ ሌላ አልጋ ላይ ነው። እኔ ግን የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ከእሷ ጋር ነው።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። አንዳንድ ቀን እጄን ታጥቤ፣ ጓንት አጥልቄ ለሐኪሙ መሣሪያ አቀብላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ሳልታጠብ በዙሪያው እየዞርሁ የጎደለውን አመጣለሁ፣ መብራቱን አቀናለሁ፣ አልጋዋን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ከታች በእግር የሚረገጥ ፔዳል አላት፤ ሲረግጡት ቀስ እያለች ትነሣለች። በጎኗ ያለውን እጀታ ሲያዞሩት በራስጌ ወይም በግርጌ ታዘነብላለች። ነፍሰ ጡር ስትተኛባት፣ ሕፃኑ የእናቱን ትልቅ የደም ሥር እንዳይጫን ወደ ግራ ጋደል ትደረጋለች። ሐኪሙ ረጅም ከሆነ ከፍ ትላለች፣ አጭር ከሆነ ትወርዳለች። ሐኪሙ የሚቆርጠውም የሚሰፋውም እሷ ሰውየውን በያዘችለት መጠን ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው እንደ ሥራ ነበር። አባቴን ይዘው የመጡ ቀን ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው ደጋ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚኖሩት ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ባቄላ በሚወቃበት ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ አንሶላ እያጠፍሁ ሳለ ወንድሜ ደወለ።

«የአባባ ሆዳቸው ተነፍቷል» አለኝ። «ትናንት ከአውድማ ሲመለሱ ቆረጠኝ ብለው ተኙ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልወጣላቸውም፤ ነፋስም አላለፈም። ፌጦ በጥብጠን ሰጠናቸው፣ ተፉት።»

ደጋ ላይ የሠራ ነርስ እነዚህን ቃላት ጠንቅቆ ያውቃቸዋል። በእኛ አገር ጠንካራ ገበሬ፣ ሲያርስ ሲያጭድ የዋለ ሰው፣ ድንገት አንጀቱ በራሱ ላይ ይዞርና እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ቶሎ ካልተፈታ ደም ይቋረጥበትና ይሞታል። አንጀቱ ከሞተ ደግሞ ባለቤቱም ብዙ አይቆይም።

«አሁኑኑ አምጣቸው» አልሁት። «ምንም እንዳይበሉ፣ ምንም እንዳይጠጡ።»

«ጠበልም?»

«ጠበልም። ይረጩባቸው እንጂ አያጠጧቸው።»

ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ድረስ አወጧቸው፤ ከዚያ ሚኒባስ አቁመው የኋላው ወንበር ላይ አጋደሟቸው። ከሰዓት በኋላ ደረሱ። በር ላይ ቆሜ ነው የጠበቅኋቸው። ጋቢያቸውን ገልጬ ሳይ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ፊታቸው ግን ገርጥቷል፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉና «መጣሽ?» አሉኝ፤ የመጡት እሳቸው ሆነው ሳለ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ሆዳቸውን ነካ ነካ አደረገ፣ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ፣ ከዚያ እኔንና ወንድሜን ገለል አድርጎ፣ «አንጀታቸው ተጠምዝዟል። ቆይቷል። መክፈት አለብን» አለን። ወንድሜ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሲስተር፣ ዛሬ አንቺ ውጪ ሁኚ» አለኝ።

ልክ ነበር። ሰው በገዛ ሥጋው ላይ እንዳይሠራ የሚከለክለው ነገር የሙያ ደንብ ብቻ አይደለም፤ እጅ ይከዳል። እሺ አልሁት። መሣሪያ የምታቀብለው ጓደኛዬ እጇን መታጠብ ጀመረች፤ እኔ ጋሪውን እየገፋሁ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ አደረስኋቸውና ለሌላ ሰው ላስረክብ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ። እንዲያ ታመው እንኳ አያያዛቸው የገበሬ ነው፤ አይላቀቅም።

«ወዴት ትሄጃለሽ?»

«እዚሁ በር ላይ ነኝ፣ አባባ።»

«በር ላይ ያለ ሰው ምን ያደርግልኛል? እኔ እዚያ ቤት የማውቀው አንቺን ነው። አንቺ ካልገባሽ መልሱኝ።»

ሐኪሙ ጭምብሉን እንዳደረገ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። «ሳትታጠቢ፣ ዙሪያውን ብታገለግዪ… ትችያለሽ?» አለኝ።

«እችላለሁ።»

«ካልቻልሽ ትወጫለሽ። ማንም ምንም አይልሽም።»

እንዲህ ሆኖ ገባሁ።

ወደ አልጋዋ ስናሻግራቸው ዐይናቸውን ከፍተው ነበር። ግራና ቀኝ ዳሰሱ፤ እጃቸው ወዲያው ጠርዙ ላይ ደረሰ። «ይህች ናት?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ጠባብ ናት።»

«ሐኪሞቹ በሁለቱም ወገን ተጠግተው እንዲሠሩ ነው። ሰፊ ብትሆን እጃቸው አይደርስም።»

«እወድቃለሁ።»

«አይወድቁም። ጭንዎ ላይ በቀበቶ እንይዝዎታለን።» እናስርዎታለን ማለት አልፈለግሁም፤ ሰው እዚያ ላይ ሆኖ ማሰር የሚባል ቃል ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና። ቀበቶውን ሳጠብቅ አላጉረመረሙም። የእጅ ማሳረፊያዎቹን በሁለቱ ጎን ዘርግቼ ግራ እጃቸውን ሳሳርፍ ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«እጄን ለምን ትዘረጉታላችሁ?»

«በአንዱ መድኃኒቱ ይገባል፤ በሌላው የደም ግፊትዎ ይለካል።»

«ግራና ቀኝ?»

«ግራና ቀኝ።»

ጣራውን እያዩ፣ «እንደ ጌታየ» አሉ በለሆሳስ። «እኔ ለዚህ የተገባሁ ሰው አይደለሁም። አልዘረጋም።»

በዚያ ክፍል ውስጥ የፈራ ሰው ብዙ ነገር ሲናገር ሰምቻለሁ። የሚሳደብ አለ፣ በሬውን የሚጣራ አለ፣ ሚስቱን አደራ የሚል አለ። አባቴ ግን የፈሩ አይመስሉም ነበር። ያፈሩ ነው የሚመስሉት፤ ከሌላ ሰው መቀመጫ ላይ ተቀመጥ እንደተባለ ሽማግሌ። ቀና ብዬ ወደ ራስጌያቸው አየሁ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። በራስጌያቸው ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ ቀኝ እጅዎን አሁን ለእርስዎ እንተወዋለን። የሚፈልጉትን ያድርጉበት። ሲጨርሱ እርስዎ ራስዎ ይሰጡኛል» አለቻቸው።

አባቴ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ከግንባራቸው ወደ ደረታቸው፣ ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ ትከሻቸው ቀስ ብለው አማተቡ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ።» ሐኪሙ ታጥቦ እጁን ወደ ላይ ይዞ ቆሟል። ማንም አላስቸኮላቸውም። ከዚያ ክንዳቸውን ራሳቸው ወስደው ማሳረፊያው ላይ አኖሩት፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው።

«በሉ» አሉ።

ሆዳቸው ሲከፈት አላየሁም። ዐይኔን መብራቱ ላይ አደረግሁ፤ ብርሃኑን ማቅናት የእኔ ሥራ ስለሆነ ሰበብ ነበረኝ። ሽታው ግን ነገረኝ። ሐኪሙ «አንጀቱ ጠቁሯል» አለ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የመሣሪያ ድምፅና የልብ ትርታ የሚቆጥረው ማሽን ጢት ጢት ብቻ ነበር። ጨርቅ ሲሉኝ ጨርቅ ሰጠሁ፣ ክር ሲሉኝ ክር ከፈትሁ።

የሞተውን አንጀት ሲያወጡ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ባለሙያዋ ያው በማይጮኸው ድምፅዋ፣ «ግፊታቸው ወርዷል። ራሳቸውን ዝቅ አድርጊልኝ» አለችኝ።

ያ የእኔ ሥራ ነው። ዞሬ እጀታውን ያዝሁ። ያችን እጀታ ለስንቱ ሰው እንዳዞርኋት እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፤ ደሙ ወደ ልቡና ወደ ራሱ እንዲመለስ እግሩን ከፍ፣ ራሱን ዝቅ ማድረግ ነው። ከባድ ሥራ አይደለም። የዚያን ቀን ግን የአባቴ ክብደት በብረቱ በኩል አልፎ ወደ ክንዴ ሲመጣ ተሰማኝ። ልጅ ሳለሁ እሳቸው ነበሩ የሚሸከሙኝ፤ እኔ አባቴን ተሸክሜ አላውቅም ነበር። ባዞርሁ ቁጥር እግራቸው ይነሣል፣ ሽበታም ራሳቸው ይወርዳል።

«ቀስ» አለች። «ትንሽ ጨምሪ። እዚያ ላይ ተይው።»

ሐኪሙ እጁን ሆዳቸው ውስጥ እንዳደረገ ቆሞ ይጠብቃል። ወንድሜ የሰጠው ደም በክንዳቸው መግባት ጀምሯል። ሁላችንም የምናየው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም።

«ያዘ» አለች በመጨረሻ። «ቀጥል፣ ዶክተር።»

ቀጠለ። እኔ ግን እጀታውን አልለቀቅሁም። መያዝ አያስፈልገውም፤ አልጋዋ ባቆሟት ላይ ትቆማለች። ያም ሆኖ እስኪጨርስ ይዤው ቆምሁ።

አባቴ ተረፉ። ነገር ግን የተቆረጠውን አንጀት ያን ዕለት መልሶ መግጠም አልተቻለም። ሰውነታቸው ስለተዳከመ ሐኪሙ ጫፉን በሆዳቸው ግራ ጎን አውጥቶ ከረጢት አደረገበት። በጥቂት ወራት ውስጥ ያገግማሉ፣ ከዚያ እንመልሰዋለን አለን። እኔ ይህን ለብዙ ቤተሰብ አስረድቼ አውቃለሁ። ለአባቴ ግን ያን ዕለት አልነገርኋቸውም።

በነጋታው ዎርድ ውስጥ በእጃቸው ዳስሰው አገኙት። «ይህ ምንድን ነው?»

«ሰገራዎ ለጊዜው በዚህ በኩል ነው የሚወጣው፣ አባባ። ለጊዜው ነው።»

ጋቢያቸውን መልሰው አለበሱት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሲሻላቸው እኔ ቤት ይክረሙ ብዬ ለመንኋቸው፤ እምቢ ብለው ወደ አገራቸው ሄዱ። እኔ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር በአውቶቡስ እየሄድሁ ከረጢቱን እቀይራለሁ፣ ቆዳቸውን አጥባለሁ፤ ወንድሜንም አስተማርሁት። ቁስሉ ጥሩ ነበር። ያልዳነው ሌላ ነው። ከሰው ጋር አንድ መሶብ አይቀርቡም። እንዳይሞላ ብለው ምግብ ይቀንሳሉ። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበው ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲመጣ ከነፋስ በታች ወዳለው ወገን ፈቀቅ ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ስቀመጥ ሽታ ሸቶኝ አያውቅም። ለእሳቸው ግን ሁልጊዜ ይሸታቸው ነበር።

ከሁሉ የከበደው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። አባቴ ቅዳሴ የሚያስታጉሉ ሰው አልነበሩም። አሁን ግን እሑድ ጠዋት ወጥተው ከአጥሩ ውጪ፣ ጽዱ ሥር ይቆማሉ። ሰው ሁሉ ሲገባ እሳቸው እዚያው ናቸው። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት የነፍስ አባታቸው ቤት ድረስ መጡ። እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው፤ ዘንጋቸውን ተደግፈው መደቡ ላይ ተቀመጡና፣

«ማን ከልክሎህ ነው ውጪ የምትቆመው?» አሏቸው።

«ማንም አልከለከለኝም፣ አባቴ።»

«ታዲያ?»

«ገላየ ይከለክለኛል። እኔ እንዲህ ሆኜ እሱ ፊት አልቆምም።»

«ቁስል እኮ ኃጢአት አይደለም፣ ልጀ። እኔ ግባ እልሃለሁ።»

«ሲድን እገባለሁ» አሉ አባቴ።

ቄሱ አልተከራከሩም። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟቸውና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ግን ወንድሜ እንደነገረኝ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ቄሱ በሰዉ መሃል አቋርጠው ወደ አጥሩ ይወጣሉ፤ ጠበልና መስቀል ይዘው ጽዱ ሥር ድረስ ይሄዱላቸዋል። በብርድም በዝናብም።

ክረምቱ አልፎ ሐኪሙ ሲያያቸው «ጊዜው ደርሷል» አለ። ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን አባቴ በራሳቸው እግር፣ ወንድሜን አስከትለው፣ በአውቶቡስ መጡ። ዋዜማውን እኔ ቤት ሆነው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ውሃ ብቻ ጠጡና፣

«ያችን አልጋ አሳይኝ» አሉኝ።

«ነገ ያዩዋት የለም እንዴ?»

«ነገማ የምተኛባት ነኝ። ዛሬ ቆሜ ልያት።»

ሐኪሙን አስፈቀድሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የዕለቱ ሥራ አልቆ ክፍሉ ጸድቷል፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። የክፍሉን ጫማ አጫማኋቸው፣ ኮፍያ አደረግሁላቸው፣ ጋቢያቸውን አስወልቄ ጋውን አለበስኋቸው። አባቴን እንዲያ ለብሰው ሳይ ትንሽ ሆኑብኝ። ገብተው ከአልጋዋ ፊት ለፊት ቆሙ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

«ስትነሣ አሳይኝ።»

ፔዳሉን ረገጥሁ። ተነሣች። አወረድኋት። እጀታውን አዙሬ ራስጌዋን ዝቅ አደረግሁ።

«እኔንም እንዲህ አድርገሽኝ ነበር?»

«ማን ነገረዎት?»

«ወንድምሽ ነገረኝ። ለእሱ ሐኪሙ ነግሮት ነው።» ቀረብ ብለው ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ በሬ ሲገዙ ጀርባውን እንደሚያደርጉት። ቀጥለው ያሉትን አልጠበቅሁትም።

«እዚህ ላይ የሞተ ሰው አለ?»

መዋሸት እችል ነበር። ነገ እዚያ ላይ ለሚተኛ ሰው እውነቱን መናገር ጥቅሙ ምንድን ነው ብዬ አሰብሁ። አባቴ ግን ፊቴን እያዩ ነበር።

«አለ፣ አባባ።»

«ማን ነው?»

«ስማቸውን መናገር አልችልም።»

«ስማቸውን አልጠየቅሁሽም።»

እናም ነገርኋቸው። ከግጭ መንደር በኩል ስላመጧት ሴት ነው የነገርኋቸው። ምጥ ጠንቶባት ሰዎች በቃሬዛ ተቀባብለው መኪና እስከሚደርስበት እስከ ቡይት ራስ አወረዷት፤ መኪና አግኝተው እኛ ጋ ስትደርስ ማህፀኗ ተቀዶ ደሟ ፈስሶ ነበር። ገና ከበሩ ጀምረን እየሮጥን ነው ያስገባናት። ያለ የሌለ ደም ሰጠናት። እጀታውን እኔ ነበርሁ ያዞርሁት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ አዞርሁት፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ሕፃኑም እናቲቱም አልተረፉልንም። በእጇ ላይ የገብስ ገለባ ተጣብቆ ነበር፤ እንግዲህ እስከ መጨረሻው ቀን ስትሠራ ነበር ማለት ነው። እሱን ነው የማልረሳው።

አባቴ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። «ከዚያስ ማን አጠባት? አልጋዋን።»

«እኔ ነኝ።»

«ያን ቀን ቤትሽ ገብተሽ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለእኔ አልደወልሽም?»

«ደውዬልዎት ነበር» አልሁ። «ስለ ገብሱ ነው የጠየቅሁዎት። ዝናብ መታው ወይ ብዬ።»

«አስታወስሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ደኅና ነው አልሁሽ። አንቺም ደኅና ነኝ አልሽኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሥራዬ ለአባቴ አንድም ነገር ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው «ሐኪም ቤት ናት» ይላሉ፤ ያም ለሁለታችን ይበቃን ነበር። ያየሁትን ይዤ እሳቸው ቤት መግባት ነውር ይመስለኝ ነበር። አሁን ኮፍያውን ከራሳቸው ላይ አወለቁ። እዚያ ክፍል ኮፍያ አይወለቅም፤ ግን አልከለከልኋቸውም። አልጋዋ ላይ አንድ እጃቸውን እንዳኖሩ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ ለዚያች ሴትና ለልጇ «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ከዚያ፣ «ሌሎቹንም» ብለው ጨመሩ።

ያን ጊዜ አለቀስሁ። ያች ሴት የሞተች ዕለት ያላለቀስሁትን ነው። አባቴ አይዞሽ አላሉኝም፣ በቃ አላሉኝም። እስክጨርስ ድረስ ጎኔ ቆሙ። ስንወጣ ጋቢያቸውን እያለበስኋቸው ሳለ፣

«ነገ ውጪ ሁኚ» አሉኝ። «ወንድምሽ ብቻውን ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ማንም ሳይደግፋቸው መርገጫው ላይ ወጥተው ራሳቸው ተኙባት። ይህን የነገረችኝ የማደንዘዣ ባለሙያዋ ናት። ሁለቱንም እጃቸውን ሳይጠየቁ ዘረጉ አለችኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ቀኙን ለራሳቸው እንድትተውላቸው ዐይኗን አይተው ጠበቋት።

እኔ ውጪ አግዳሚው ላይ ከወንድሜ ጎን ተቀምጫለሁ። በዚያ በር ስወጣ ስገባ ስንት ዓመት ሆኖኝ፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ግን ተቀምጬበት አላውቅም። ለካ እንዲህ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። ወጥቶ የሚያልፈው ሰው ጨርቅ ሊያመጣ ይሁን መርዶ ይዞ ይሁን ከፊቱ አይታወቅም፤ ጭምብል አድርጓል። ከጎናችን አንዲት ከድብ ባሕር የመጣች ሴት ባሏ እንዲህ በገባበት ዕለት ቀኑን ሙሉ የግድግዳውን ድንጋይ ስትቆጥር እንደዋለች አጫወተችን።

«አሁን ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ ወንድሜ።

«አሁን ተኝተዋል። ሆዳቸውን በመድኃኒት እያጠቡ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ከፍተዋል።»

«አሁንስ?»

«ከዚህ በኋላ አትጠይቀኝ» አልሁት። እጄን ያዘኝ። ትልቅ ሰው ከሆንን ወዲህ እጅ ለእጅ ተያይዘን አናውቅም።

ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ ነበር። ያንን ሳይ ነው የተነፈስሁት፤ መጥፎ ወሬ የያዘ ሐኪም ጭምብሉን በር ላይ ቆሞ አያወርድም። «ገጥሟል» አለ። «አሁን የምንጠብቀው ነፋስ ነው።»

ነፋሱን ጠበቅን። ሰው ስለ ንጉሥ መምጣት እንኳ እንዲያ አይጠባበቅም። አባቴ ጨዋ ሰው ናቸው፤ በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ማለዳ ዎርድ ስገባ ግን ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትልቅ ቁምነገር እንደሚናገር ሰው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈ» አሉኝ። አጠገባቸው የተኛው ሰውዬ «እሰይ! እሰይ!» አለ። እኔም እሳቸውም ሳቅን፤ እሳቸው ስፌቱ እየወጋቸው ሆዳቸውን ይዘው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በጽጌ ወር፣ እሑድ ቀን፣ ወንድሜ ደውሎ ነገረኝ። ማለዳ ተነሥተው ገላቸውን ታጥበው፣ የታጠበ ጋቢ ለብሰው፣ ከሁሉ ሰው ቀድመው ሄዱ። ጽዱ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ በደጀ ሰላሙ አልፈው ገቡ። ቄሱ በውስጥ ሆነው አይተዋቸው ዜማው እንደተሰናከለባቸው ሰው ሁሉ ሰምቷል። አባቴ መቋሚያ ተውሰው እስከ መጨረሻው ቆመው አስቀደሱ፣ ቤት ገብተው ከሰው ጋር ከአንድ መሶብ በሉ፣ ተኙ። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። አሁን ማታ ማታ እሳቸው ናቸው የሚደውሉልኝ። ስልኩን የያዙት በሁለት እጅ ይመስለኛል፤ ጆሯቸው ስለደከመ ይጮኻሉ። ስለ ገብሱም ስለ ብርዱም ካወራን በኋላ፣

«ዛሬ ማን ነበረ?» ይሉኛል።

«አንዲት እናት» እላለሁ። ወይም፣ «ከበቅሎ የወደቀ ሰው»፣ ወይም፣ «ትርፍ አንጀት የያዛት ተማሪ»።

«ተነሣች?»

«ተነሣች።»

«ተመስገን» ይላሉ። ከዚያ በላይ አልነግራቸውም፤ እሳቸውም አይጠይቁም። ሲጸልዩ ያስቧቸዋል። ጸሎት ግን በስም ነው የተለመደው፤ ለክርስቲያን ነፍስ የክርስትና ስሙ ይጠራል። እነዚህ ግን ስም የላቸውም። አንድ ቀን ይህን ሳነሣባቸው፣ «ስማቸውንማ እሱ ያውቀዋል፤ እኔ ቀኑን ብቻ እነግረዋለሁ» አሉኝ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ሽማግሌ አጣን። እንደ አባቴ አንጀቱ የተጠመዘዘበት ገበሬ ነበር፤ መንገዱ ርቆበት ዘግይቶ ነበር የደረሰው። ሁሉም ሲወጣ ብቻዬን ቀረሁ። ገና ሳይመሽ ነበር፣ እሳቸው የሚደውሉበትም ሰዓት አልነበረም። እኔ ደወልሁ።

«አባባ፣ ዛሬ አንድ ሰው ነበረ። አልተነሣም።»

በስልኩ ውስጥ ከብቶች ወደ ጋጣ ሲገቡ፣ ወንድሜ ሲጣራ ይሰማል።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ሥራሽ አልቋል?»

«ገና ነው።»

«በይ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። «ስልኩን አትዝጊው። እዚህ ነኝ።»

ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁት። ውሃ በባልዲ ቀዳሁ፣ ጨርቁን ነከርሁ፣ አልጋዋን ማጠብ ጀመርሁ። አባቴ ወዲያ ማዶ ሆነው ሲያስሉ፣ ደግሞ በለሆሳስ ሲያነበንቡ እሰማለሁ። ሥራዬን እስክጨርስ አልዘጉትም።